በአንበሳው ሥዕል ፊት ያደረግሁት ምልክት

ነቀምቴ ውስጥ የኩሌን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ሲጨርስ የሚላት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ያ የባላገር ልማድ ሊገድላት ነበር እኮ!» ቄሱም ፓስተሩም፣ መምህሩም ጠበቃውም በሌላው ነገር ሁሉ ሲጣሉ ውለው በዚህች ይስማማሉ። ውሸት ነው። ልማድ ማንንም ሊገድል አልሞከረም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ሊገድላት የነበረው አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት የተቀመጠ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ በሥራ ቀን ከረባት የሚያስር አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የንጉሡ መንግሥት ማምሻ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በከተማው ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ሐኪም ቤት የካርድ ክፍል ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ ግን እዚያው ነቀምቴ ተወልጄ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በኦሮምኛ ተሰዳድቤ፣ በኦሮምኛ ተጣልቼ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ ቋንቋውን እንደ ተወላጅ አውቃለሁ ብዬ እምል ነበር። የማውቀው የገበያና የኳስ ሜዳ ኦሮምኛ ነበር። ዋጋ መከራከር እችላለሁ፤ ሰላምታው ሲረዝም አብሬ አስረዝማለሁ፤ ቀልድም አያመልጠኝም። በአንድ የባላገር ቤት ጓዳ ውስጥ ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አለመስማቴንም ልብ ብዬው አላውቅም። ያላወቁትን አለማወቅ የሚባለው ድንቁርና ፊደል ከቆጠረ ሰው ጋር ሲሆን ከረባት ያስራል።

ኩሌ የመጣችው ከሲሬ በኩል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሁለት ልጆች እናት። ከዓመት በላይ የሚጥል በሽታ ይዟት ነበር። መጀመሪያ የአፏ ቀኝ ጫፍ ይሳባል፣ ቀጥሎ ቀኝ እጇ ይንዘፈዘፋል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ስትነቃ ሩብ ሰዓት ያህል አንድ ቃል አይወጣትም። ከግራ ጆሮዋ በላይ ከፀጉሯ ሥር የሎሚ ግማሽ የሚያህል እብጠት ነበራት። ጠበል ተወስዳለች፣ ተጸልዮላታል፣ ሌላም ሌላም ተደርጎላታል። በመጨረሻ የባሏ አባት ኦቦ ሌንጮ፣ አውቶቡስ ላይ እጇን ይዘው እኛ ዘንድ አመጧት። ባሏ ከከብቱና ከልጆቹ ጋር ቀርቷል።

ዕድሏ ሆኖ ከባሕር ማዶ ለጥቂት ሳምንታት የመጣ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረን። ቀጭን፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ፣ ሳቅ የማይወድ ሰው። ራጁን ብርሃን ላይ አንሥቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተና ጠራኝ።

«ከአጥንቱ ሥር እጢ አለ» አለኝ። «ክፉ ዓይነት አይመስለኝም፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ትድናለች። ግማሹ ከቀረ ግን እንደገና ያድጋል። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ንግግር የሚመነጨው እዚያ አካባቢ ነው። ካስተኛኋት ምኑን እንደቆረጥኩ የማውቀው ስትነቃ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምትነግረኝ በምን አፏ? ስለዚህ ነቅታ፣ እያወራች ነው የምሠራላት።»

ተረጎምኩላት። የራስ ቅሏን ቆዳ በመርፌ እንደሚያደንዝ፣ አእምሮ ራሱ ግን ቢነካም እንደማያም፣ ሥዕል እያሳየሁ «ይህ ምንድን ነው?» እያልኩ እንደምጠይቃት፣ መልሷ ትክክል የሆነበትን ቦታ ዶክተሩ እንደሚቆርጥ፣ ቃል የጠፋባትን ቦታ ደግሞ እንደማይነካ ነገርኳት።

ኩሌ አሰበችበት። «ጭንቅላቴን ከፍቶ ከእኔ ጋር ሊያወራ ነው?»

«የምታወሪው አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «በለው፦ የፈለገውን ይውሰድ፤ ምላሴን ብቻ ይተውልኝ። አማት አለችኝ።»

ኦቦ ሌንጮ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለዶክተሩ ተረጎምኩለት፤ አልሳቀም፤ ነገር ግን ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ሃያ ካርዶች ተዘጋጁ። ሥዕሎቹን የሣላቸው የትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ነው። ላም፣ ውሻ፣ ዛፍ፣ ቤት፣ ቁልፍ፣ ኮከብ፣ እሳት፣ እያለ ይቀጥላል። አንበሳ ማንም ሳያዘው ገባ። በዚያ ዘመን ከሳንቲሙ እስከ ደብተሩ ሽፋን አንበሳ ያልተሣለበት ነገር ስላልነበረ መምህሩ እጁ ለምዶበት ነው የሣለው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ዶክተሩ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ዛሬ በጤናዋ ሃያውንም ጠይቃት። በትክክል የጠራችው ፊት ምልክት አድርግ። ያልጠራችውን ሰርዝና ካርዱን አውጣው። ነገ የማምነው ይህን ወረቀት ነው።» ቃል በቃል እንዲህ አለኝ። ይህን የምጽፈው በኋላ «ሥራው አልተነገረውም ነበር» ብሎ የሚከራከርልኝ ደግ ሰው እንዳይኖር ነው።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ኦቦ ሌንጮ ትንሽ ራቅ ብለው አጥሩን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሐኪም ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አዴ ዲንቄ፣ ኡኬ ከሚባል ገጠር የመጣች ናት፣ ሃምሳ ያለፋት፣ ወለሉን እየወለወለች ነበር። ኩሌ ካርዱን እያየች ትጠራለች፤ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ላም፣ ልክ። ውሻ፣ ልክ። አንበሳውን ሳነሣ ዓይኗ ወደ አጥሩ ሄደና ተመለሰ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ቃል አለች።

ያንን ቃል ሰምቼው አላውቅም።

«ልክ ነው?» አለ ዶክተሩ፤ በመስኮት በኩል እያለፈ ነበር።

«ልክ ነው» አልኩና ምልክቱን አደረግሁ።

ለምን? ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያምር ምክንያት ፈልጌለት አጥቻለሁ። የሲሬ ባላገር እንዲህ ይል ይሆናል ብዬ ነው። ፈረንጅ ፊት «አላውቅም» ማለት አልሆንልኝ ብሎ ነው። የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር። ኮከቡ ላይ ስንደርስ እንዲሁ ሆነ፤ ሌላ የማላውቀው ቃል፣ ሌላ ምልክት። አዴ ዲንቄ መወልወሏን አቁማ አየችኝ። የማይመለከታትን ትሰማለች ብዬ ተቆጣሁ እንጂ ምን ልትል ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ጠዋት ኩሌን በቀኝ ጎኗ አስተኟት። የራሷ ግራ ወገን ተላጭቷል። ከግንባሯ ጀምሮ አንሶላ እንደ ድንኳን ተወጠረ። ከአንሶላው ወዲያ ዶክተሩና ረዳቱ ድሬሰር፣ ወዲህ ደግሞ የኩሌ ፊትና በዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጥኩ እኔ። አዴ ዲንቄ የፈላ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ በሩ አጠገብ እንድትቆም ታዘዘች። ዶክተሩ አስጠነቀቀ፦ «ከእኔ፣ ከአስተርጓሚውና ከሕመምተኛዋ በቀር ማንም እንዳይናገር።»

አጥንቱን በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ሲበሳ ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«ወፍጮ ተከሉብኝ እንዴ?» አለች ኩሌ። ፊቷ ወዝቷል። «የማንን እህል ነው የሚፈጩት?»

«ያምሻል?»

«አያምም። ይከብዳል። አንተ ግን ለምን ትንቀጠቀጣለህ? የሚበሳው ያንተ ነው ወይ?»

እጢው ታየ። ዶክተሩ ከአገሩ ይዞት የመጣ በባትሪ የሚሠራ ቀጭን ዘንግ ነበረው። በእሱ አንድ ነጥብ ይነካና «አሁን» ይለኛል። እኔ ካርድ አነሣለሁ። ኩሌ ትጠራለች። «ልክ» እላለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ይቆርጣል። እንዲህ እያልን ከሰዓት በላይ ሄድን። እኔም ላቤ ደረቀ፤ እንዲያውም አንድ ትልቅ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ ተሰማኝ። ኩራት ሁልጊዜ የሚመጣው ልናፍር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረን ነው።

«አሁን።»

አንበሳውን አነሣሁ። ኩሌ ዓይኗን ጨፈነችና ቃሏን ተናገረች። የትናንቱን ቃል። ወዲያውኑ አወቅሁት።

«ምን አለች?»

ትናንት በረንዳ ላይ «ልክ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ዛሬ «ልክ» ካልኩ ምላጭ ይከተላል። ፈራሁ። እውነተኛው መልስ «አላውቀውም» ነበር። እኔ ግን «ቃል አይደለም» አልኩ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ። «አላውቀውም» ብል ጉድለቱ የእኔ ነው። «ቃል አይደለም» ስል ጉድለቱን ተከፍቶ በተኛው የእሷ ጭንቅላት ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዶክተሩ ያንን ነጥብ በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ምልክት አደረገበት። ዘንጉን አንሥቶ እንደገና ነካ፤ እንደገና አንበሳ፤ እንደገና ያው ቃል። ወደ ጎን ሄደ። «አሁን።» ኮከብ። የኮከቡን የራሷን ቃል አለች። «ቃል አይደለም» አልኩ። ሁለተኛ ወረቀት ተቀመጠ።

ዘንጉ ብረት ሳህን ላይ ሲቀመጥ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ትናንት ሁለቱንም በትክክል ጠርታለች» አለ ዶክተሩ፤ ወረቀቱን እያየ መሆን አለበት። «ዛሬ ሁለቱም ጠፍተዋል። እንግዲህ እጢው ከንግግሩ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። የቀረውን አልነካውም።»

«ስንት ቀረ?»

«ግማሽ ይሆናል።»

«ከዚያስ?»

«ያድጋል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ያን ጊዜ እኔ እዚህ አልኖርም።» ክርና መርፌ ጠየቀ። የአእምሮውን ሽፋን መስፋት ጀመረ።

ኩሌን ጸጥታው አስጨነቃት። «ጨረሰ?»

«እየጨረሰ ነው።»

«ሁሉንም አወጣው?»

ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ጸሐፊው! ሁሉንም ነው ወይ ያወጣው?»

«ሁሉንም አይደለም። መናገር እያቃተሽ ስለሆነ…»

«ማን? እኔ?» ብትችል ቀና ትል ነበር። «ማን ነው መናገር ያቃተው?»

«ሁለት ሥዕል አልጠራሽም።»

«ጠርቻለሁ እኮ! ሁለት ጊዜ ጠርቻለሁ! አንተ ነህ ያልሰማኸው!»

«በስሙ አልጠራሽውም። ይህን እይው፤ ሰው ሁሉ በሚጠራው ስሙ ጥሪው። አንድ ጊዜ ብቻ በይውና ይለቅ።» ካርዱን አፍንጫዋ ሥር ደገንኩት። የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ይገርማል።

ኩሌ አንበሳውን አየች፤ እኔን አየች። «ጭንቅላቴን ከፍታችኋል» አለች ቀስ ብላ። «አፌንም ልትከፍቱት ነው?»

ያን ጊዜ ነው ከበሩ በኩል የአዴ ዲንቄ ድምፅ የመጣው። «አንተ ልጅ፣ የባሏን አባት ስም በአፏ ልታስጠራት ነው እንዴ? ለጉ አታውቅም?»

ዞር አልኩ።

«ውጭ የተቀመጡት ሽማግሌ ስማቸው ማን ነው?» አለችኝ፤ ሕፃን እንደምታስተምር።

«ኦቦ ሌንጮ።»

«አንበሳ በኦሮምኛ ምንድን ነው?»

ሌንጫ። አፌ ውስጥ ቀረ።

«የባሏ እናት ኡርጂ ትባላለች፤ ትናንት ሽማግሌው አጫውተውኛል። ኮከብስ ምንድን ነው?»

ኮከብ ኡርጂ ነው። ይህን የማያውቅ የነቀምቴ ውሪ የለም። እኔ የማላውቀው ሌላውን ነበር። ሴት አግብታ ወደ ባሏ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን የሚመስለውንም ቃል በአፏ አታልፈውም። ለዚያ ሁሉ ሴቶቹ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚቀባበሏቸው ምትክ ቃላት አሏቸው። ይህ ነው ለጉ። ኩሌ አንበሳውን በትክክል ጠርታዋለች፤ አንድ የባሏን ቤት የምታከብር ሴት በምትጠራበት ቃል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ከሴቶቹ ሳልጠይቅ የወሰድኩት ይበቃኛል።

«ምንድን ነው የምትነጋገሩት? ጸጥታ ብያለሁ» አለ ዶክተሩ፤ መርፌው አልቆመም።

እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ እንደተናገርኩ ብጽፍ ደስ ባለኝ። «ምንም አይደለም» ነው ያልኩት።

ምክንያቴ ግልጽ ነበር። የኩሌ ቃል ትክክል ነው ካልኩ፣ ትናንት ያደረግሁት ምልክት የዕውር ምልክት እንደነበር መናገሬ ነው። ሥራዬ ይሄዳል። ከተማው ይስቅብኛል፤ «ኦሮምኛ ተወላጁ» እያለ። በአንድ በኩል የአንዲት ሴት ዕድሜ፣ በሌላ በኩል የእኔ መሳቂያ መሆን። ሚዛኑም ለትንሽ ጊዜ እኩል ቆመ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ እኩል ቆመ።

«ንገረው እንጂ!» አለች አዴ ዲንቄ።

«ዝም በይ።»

«አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

«በምን ቋንቋ?» አልኳት።

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እሷ ግን አልመለሰችልኝም። ጨርቁን አስቀመጠች። መጥታ የአንበሳውን ካርድ ከእጄ መነጨቀችው። ከአንሶላው ራቅ ብላ ዶክተሩ ፊት ቆመችና ካርዱን ከፍ አደረገች። በጣቷ አንበሳውን አሳየችው። በመስኮት በኩል አጥሩ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ አሳየችው። ወደ ኩሌ ጠቆመች። ከዚያ በመዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች። ደግማ አሳየችው። ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችው፤ እንባዋ በመዳፏ ላይ እየወረደ።

ዶክተሩ አልገባውም። ነገር ግን መርፌው ቆመ።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሃለሁ» አለኝ። «ይህች ሴት ምን እያለች ነው?»

ነገርኩት። ሁሉንም። የጽዳት ሠራተኛዋ በምልክት ግማሹን ከተናገረች በኋላ።

ዶክተሩ አልጮኸም። «ትናንትም ያለችው ይህንኑ ቃል ነው?»

«አዎ።»

«ቃሉን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም ነበር።»

«ምልክት ግን አድርገሃል።»

«አዎ።»

«የቀሩትን አሥራ ስምንቱንስ? በምን ልመንህ?»

ዶክተሩ ረዳቱን ድሬሰር በእጁ አዘዘው፤ አዴ ዲንቄ እጇን ታጠበች፣ ጋውን ለበሰች፣ እኔ ከተቀመጥኩበት በርጩማ ተነሥቼ እሷ ተቀመጠች። አንበሳና ኮከብ ወጡ፤ አሥራ ስምንት ካርድ ቀረ። ሕመምተኛዋ ልማዷን መስበር አላስፈለጋትም፤ ሽማግሌው መጥተው «ፈቅጄልሻለሁ» ማለት አላስፈለጋቸውም። ሁለት ካርድ መጣል ብቻ በቂ ነበር። ትናንት በረንዳ ላይ ብጠይቅ የሚያልቅ ነገር።

ግን ሽፋኑ ተሰፍቶ ነበር። ሰባት ስፌት። ዶክተሩ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ፤ ማደንዘዣው ግን እየለቀቃት ነበር። አእምሮ አያምም፤ ሽፋኑና ቆዳው ያማል። አዲስ መርፌ እስኪወጋና እስኪይዝላት ድረስ ኩሌ የአዴ ዲንቄን እጅ ይዛ ጮኸች። ጠዋት በቀልዷ ስታስቀን የነበረችው ሴት። እነዚያ ሰባቱ የዶክተሩ አልነበሩም። ለጉም አልሰፋቸውም። የእኔ ናቸው።

«አሁን» አለ ዶክተሩ። እኔ ከኋላ ቆሜ ትእዛዙን ብቻ እተረጉማለሁ። አዴ ዲንቄ ቁልፍ አነሣች። ኩሌ ጠራችው። አዴ ዲንቄ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ውሻ። ዛፍ። እሳት። ወረቀት ተቀምጦባቸው የነበሩት ሁለቱም ቦታዎች ላይ ዘንጉ ሲነካ ኩሌ ሳትደናቀፍ ጠራች። ሁለቱም ወረቀቶች ተነሡ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ግራጫ ነገር ሳህኑ ላይ ወደቀ።

«ወጣ» አልኳት።

«ሁሉም?» አለች። የጠየቀችው ግን እኔን አልነበረም። አዴ ዲንቄን እያየች ነበር። አዴ ዲንቄ ሳህኑን አየችና «ሁሉም» አለቻት፤ ያን ጊዜ ኩሌ ዓይኗን ጨፈነች።

በአራተኛው ቀን ጠራችኝ። ራሷ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሏል፤ ቀኝ እጇ ትንሽ ደከም ብሎ ነበር፣ በኋላ ተመልሶላታል። ምላሷ አንዲት ነገር አልጎደላትም። ፊቷ እንደ ተከሳሽ ቆምኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «በረንዳ ላይ ቃሉን ስል አልገባህም ነበር፤ ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። አጠገብህ ነበርኩ። አፍ ነበረኝ፤ ጊዜ ነበረኝ። ምንድን ነው ያልሽው ብለህ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ኦቦ ሌንጮ ከአልጋው ግርጌ «ተይው፣ ልጅ ነው» አሉ። ከስድቡ ሁሉ የከበደኝ ያ ምሕረት ነው።

ሥራዬን አላጣሁም። ዶክተሩ ማንንም ሳይከስ ወደ አገሩ ሄደ። አዴ ዲንቄ ወደ መወልወያዋ ተመለሰች፤ ደመወዟም ማዕረጓም አልተለወጠም። ኩሌ ሲሬ ተመልሳ ሌላ ልጅ ወለደች። ታሪኩ ግን ከተማ ውስጥ ገብቶ ልብሱን ለወጠ። ከዓመት በኋላ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ አንድ የተማረ ሰው «ጎጂ ልማዶቻችን» በሚል ርእስ ንግግር ሲያደርግ፣ የኩሌን ታሪክ ምሳሌ አድርጎ አመጣው። «የአማቷን ስም አልጠራም ብላ በገዛ እጇ ልትሞት የነበረች ምስኪን ሴት» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ቁጣዬ ከራሴ አልፎ የወጣው። አትሳሳቱብኝ፤ ለጉን ላወድስላችሁ አይደለም የመጣሁት። የአክብሮቱ ሸክም ለምን ይበልጡን በሴቲቱ አፍ ላይ እንደተጫነ ኦቦ ሌንጮን ብጠይቃቸው የሚያረካ መልስ የሚሰጡኝ አይመስለኝም። ነገር ግን ያንን ክርክር ሲሬ ላይ ሴቶቹ ይከራከሩት። የቀዶ ጥገና አልጋ ላይ የተኛች ሴትን አፍ ለማረም ማንም አልጠራንም። የተጠራነው እንድንረዳት ነው። ያልገባንን ነገር «ድንቁርና» ብለን ስንሰይም ድንቁርናው ከእኛ ወደ ሌላው የተሻገረ ይመስለናል፤ እንደ ዕዳ የተላለፈ ይመስለናል። እኛው ዘንድ ነው ያለው።

አባቴን አስባለሁ። ዕድሜውን ሙሉ በፍርድ ቤት የተቀመጠ፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ደግ ሰው ነበር። በኦሮምኛ የሚናገረውን ባለጉዳይ ቃል በአስተርጓሚ አፍ ሰምቶ በአማርኛ ይጽፋል። ስንቱ ገበሬ የመሬቱን ድንበር በራሱ ቃል በትክክል ተናግሮ፣ አስተርጓሚው ሳይገባው «ምንም አላለም» ብሎለት ይሆን? ስንቱስ መዝገብ በሚያምር ጽሕፈት ተዘግቶ ይሆን? የእኔዋ ሴት አዴ ዲንቄ ነበረቻት። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማን ቆሞ ነበር?

ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤያለሁ፤ በብዙ መጻሕፍትም ስለ ጥበብ የተጻፈውን ሰብስቤያለሁ። ከሁሉ የተረፈኝ ትንሽ ነው። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ ወዲያው አቋርጣለሁ። ሰው በእኔ ይሰለቻል፤ «ደግሞ ምን ልትል ነው?» ይሉኛል። ይሰልቹ።

አንተ በካርድ ክፍል የተቀመጥክ፣ አንቺ በመምህርነት ወይም በዳኝነት የምትሠሪ፣ እናንተ በማንኛውም መስኮት በኩል ሰው የምታናግሩ፦ ባለፈው ሳምንት የተናገረው ሳይገባችሁ «ገብቶኛል» ብላችሁ ያሰናበታችሁት ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ነገ ጠዋት አስጠሩትና «ምን ነበር ያልከኝ?» ብላችሁ ጠይቁት።